ቀይ ስር ደም አይሞላም
ስለ ደም ማነስ በወጣው ጽሑፍ ላይ ያለው «ደም ማነስ ያለበት ሰው ቀይ ስር ያዘውትር» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በየቀኑ የምሰማው ነገር ነው። ቀይ ስር ቀለሙ እንጂ አይረኑ (ሰውነት ደም ለመሥራት የሚፈልገው የብረት ማዕድን) ያን ያህል አይደለም። ምስር በስንት ጣዕሙ! ሥጋ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ አይረኑ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ጽሑፉ ያልነካው ቡናችንን ነው። ምሳ ከመነሳቱ ጀበናው ይጣዳል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከላይ አስተያየት ላይ «የአይረን እንክብሉ ሰገራዬን ስላጠቆረው ተውኩት» ያልሽው እህቴ፣ መጥቆሩ የተለመደ ነው፣ አትደንግጪ። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሄሞግሎቢንሽ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) ተስተካከለ ብለሽም እንክብሉን ወዲያው አታቁሚ፤ የሰውነት የአይረን ክምችት እስኪሞላ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ወር ያስቀጥላሉ። ደግሞ ደም ማነስ ሁሉ የአይረን እጥረት አይደለም። የደም ምርመራ ውጤት ወረቀታችሁ ላይ ኤምሲቪ (MCV) የምትለዋን፣ የቀይ የደም ሴሎችን አማካይ መጠን የምታሳየዋን ቁጥር እዩ። ከ80 በታች ከሆነች ቀይ የደም ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ አይረን ነው። ከ100 በላይ ከሆነች ግን የቢ12 ወይም የፎሌት ቫይታሚን እጥረት ይጠረጠራል፤ ያኔ አይረን ብቻ ቢውጡት ጠብ የሚል ነገር የለም።