የሰው ዓይን ልክ 60 ኸርዝ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ዕቃ ሻጭ በቴሌግራም የለቀቀው ማስታወቂያ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። «ፒኤስ 5 ይዞ 4ኬ ያልሆነ ሞኒተር የሚገዛ ገንዘቡን ጣለ» ይላል። ፒኤስ 5 የጌም ኮንሶል ነው፤ 4ኬ ደግሞ ምስሉ ከብዙ ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) የሚሠራ የስክሪን ጥራት። ከሥር አንድ ሰው ስለ 120 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ ምስል ስለሚቀይር ስክሪን፣ ሲጠይቀው ደግሞ «የሰው ዓይን ከ60 በላይ አያይም» ብሎ አፉን አስያዘው። ላይኩ እንደ ክረምት ዝናብ ወርዶለታል።

ዓይን ከተነሳ በዓይን እንነጋገር። የ27 ኢንች ሞኒተር ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ከግራ ጠርዝ ቀኝ ጠርዝ በአንድ ሰከንድ ቢያቋርጥ፣ በ60 ኸርዝ በእያንዳንዱ ፍሬም (ምስል) አንድ ሴንቲ ሜትር ይዘላል፤ በ120 ግማሹን ብቻ። ዓይን ግን አይዘልም፤ ነገሩን ተከትሎ ይንሸራተታል። ስክሪኑ አንዱን ምስል ለ16.7 ሚሊ ሰከንድ ገትሮ ሲይዝ ዓይን መንገዱን ስለማያቋርጥ፣ ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር እንደ ተዳጠ ቀለም ትደበዝዛለች። በ120 ቆይታው 8.3 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ብዥታውም በግማሽ ያጥራል። ይህን ለማየት የንስር ዓይን አያስፈልግም። ፎርትናይት የሚባለው ጌም ላይ የ120 ፍሬም ሞድን አንዴ አብርቶ አንዴ አጥፍቶ ካሜራውን ማዞር ይበቃል።

ዓይን ወሰን የለውም አላልኩም። አለው፤ ያለው ግን ሻጩ ካስቀመጠበት ማዶ ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል ሲራራቁ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ 0.23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ4ኬ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው፣ የ27 ኢንች 1440ፒ ሞኒተር ፒክስል ስፋትስ? 0.23 ሚሊ ሜትር። የ4ኬው 0.155 ነው። ስለዚህ ክንድ ከምናምን ርቀን ጆይስቲክ ይዘን ስንቀመጥ፣ ዓይናችን ላይ የማይደርስ ጥራት ነው የሚሸጥልን። ለ120 ሲሆን ደካማ የተባለው ዓይን ለ4ኬ ሲሆን አጉሊ መነጽር ሆነ ማለት ነው! ጌሙ ሲንቀሳቀስማ የባሰ ነው፤ በ60 ኸርዝ 4ኬ ስክሪን ላይ ያቺ የደበዘዘች ሴንቲ ሜትር 64 ፒክስል ትይዛለች። ጭማሪ የምንከፍለው ለ64 ፒክስል ብዥታ ነው።

ኮንሶሉ ራሱስ መቼ 4ኬ ይስላል? 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ 1440ፒ 3.7 ሚሊዮን። ብዙ ከባድ ጌሞች ፍሬም ለመጨመር ምስሉን አሳንሰው ይስሉና ኋላ ይለጥጡታል። በተለጠጠ ምስል ውስጥ የ4ኬ ዝርዝር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

4ኬም 120ም ያለው፣ ኤችዲኤምአይ 2.1 (ኮንሶሉ የሚሰካበት መሰኪያ 2.1 ስሪት) የተገጠመለት ሞኒተር ገበያ ላይ አለ። አቅም ያለው ይግዛው፣ ማንም አይከለክለውም። ማስታወቂያው የሚገፋው ግን 60 ኸርዙን ነው። ኳስ ብቻ ለሚጫወትም 120 ብዙ አይፈይድለትም፤ የኳሱ ጌም ኤፍሲ በ60 ፍሬም ነው የሚሄደው። ለእሱም ቢሆን 4ኬ ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሻጮቻችን ሊነግሩን ሲገባ የሚዘሉት ሌላ ነገር አለ፦ መሰኪያው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 144 ወይም 165 ብዙ ጊዜ ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው የኮምፒውተር መሰኪያ የሚገኘው ነው፤ ፒኤስ 5ም ሌላው ኮንሶል ኤክስቦክስም ዲስፕሌይ ፖርት የላቸውም። የሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ አሮጌው 1.4 ከሆነ 1440ፒ ላይ ወደ 60 አካባቢ ይወርዳል፣ ገዢው ደግሞ ኮንሶሉ የተበላሸ ይመስለዋል። 2.0 ለ1440ፒ በ120 ይበቃል። ፒኤስ 5 ላይ ቪአርአር (ስክሪኑ ኸርዙን ከጌሙ ፍሬም ጋር እያስማማ እንዲሄድ የሚያደርገው) የሚፈልግ ግን 2.1 ግድ ይለዋል፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስና ኤክስ በ2.0ም ፍሪሲንክ የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ ይቀበላሉ። ገመዱን ከፒኤስ 5 ሳጥን የወጣውን ተጠቀሙ። ከመንገድ የተገዛው ስክሪኑን ጥቁር እያደረገ ሲመልስ ሞኒተሩ ነው የሚታማው።

«ፒኤስ 5 1440ፒ አያውቅም» የሚሉም አልጠፉም። በፈረንጆቹ እስከ መስከረም 2022 ድረስ እውነት ነበር፤ በዚያ ወር በወጣ አፕዴት ተፈቷል። እስካሁን የማያውቀው ፒኤስ 4 ነው፣ ፕሮውም ጭምር። ፒኤስ 4 ያለው 24 ኢንች 1080ፒ ገዝቶ የተረፈውን ኪሱ ይክተት።

ብሩ ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አንድ ሞኒተር ተሳስቶ ገዝቶ ሌላ የሚደግም ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ኮንሶሉን ይዞ መሄድ ነው። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሴቲንግስ፣ ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ፣ ቪዲዮ አውትፑት ግቡ። የ1440ፒ መሞከሪያውን ተጫኑ፣ 120 ኸርዙን አውቶማቲክ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ስለተሰካው ሞኒተር የሚዘረዝረውን ገጽ ከፍታችሁ 120 መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሻጩ «መሞከሪያ ሶኬት የለንም» ካለ፣ ቀጣዩ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ነው።