በ45 ቀኑ ክትባት እናቲቱም ትታይ

እናት ልጇን ይዛ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። እሷ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ እየደለቀ፣ እንባዋ እየቀደማት ብትመጣ ግን ብዙ ጊዜ «አራስ አይደለሽ፣ ይደክማል» ተብላ ትመለሳለች። በዚያው ቀን ሄሞግሎቢኗ (ደም ማነስ የሚለይበት የደም ልኬት) ሊለካ፣ ስለ ስሜቷም ልትጠየቅ ይገባል።

በወሊድ ግማሽ ሊትር ደም የፈሰሳት እናት 200 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አጥታለች። የተለመደው የብረት እንክብል (አይረን) 60 ሚሊ ግራም ብረት ቢይዝም አንጀት የሚወስደው ከአስር እጅ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ነው። የፈሰሰውን መተካት ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት የእርግዝና ደም ማነስ በሚበዛባቸው አገሮች እናቶች ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት እንዲወስዱት የሚመክረው ለዚህ ነው። ደም ማነሱ ከተረጋገጠ ደግሞ ውጤቱ ከተስተካከለ በኋላም 3 ወር ያህል ይቀጠላል፤ አለዚያ የሰውነት ክምችት ባዶውን ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ 12 የወጣ የሄሞግሎቢን ውጤትም አያዘናጋ፤ የከተማዋ ከፍታ ቁጥሩን አንድ ግራም ያህል ከፍ ያደርገዋል።

«ኪኒኑ አልሠራላትም» ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ቡናውን ነው። አራስ ቤት ጠያቂ በገባ ቁጥር ይፈላል፤ እሷም እንክብሉን በዚያው ላይ ትውጣለች። ቡናና ሻይ ብረቱን አንጀት ውስጥ ያስሩታል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት በውኃ፣ ቢቻል ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ትውሰደው፤ ቡናው ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሆዷን ካመማት ወይም ካደረቃት ሐኪሟን ጠይቃ አንድ ቀን እያለፈች ትውሰደው፤ አንድ ጊዜ ከተዋጠ በኋላ አንጀት ለአንድ ቀን ያህል ብረት መቀበል ስለሚቀንስ ብዙም አይጎዳትም። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ። ብልቃጡን ግን ልጆች ከማይደርሱበት ታስቀምጥ፤ ትንሽ ልጅ ቢውጠው ሊገድለው ይችላል። ጤፍ ብረት ስላለው ይበቃታል የሚሉም አሉ፤ ከዚያ ብረት ጥቂት የማይባለው ከአውድማ አፈር የመጣ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም።

ይህ ሁሉ ከድብርት ጋር ይገናኛል። አንጎል ስሜትን የሚቆጣጠሩትን ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የተባሉ ኬሚካሎች የሚያመርተው በብረት እየታገዘ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ደም ያነሳቸው እናቶች ብረት ሲወስዱ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው ቀንሷል። ሆኖም ድብርት ያለባትን እናት አይረን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ስህተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ሆደ ባሻነት በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ከዚያ ካለፈ የምክር አገልግሎትና እንደ አስፈላጊነቱ ከማጥባት ጋር የሚስማማ መድኃኒት ያሻዋል።

ስለዚህ ክትባት የምትሰጠው ነርስ ትጠይቃት፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ተጫጭኖሻል? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አስጠልቶሻል? ከሁለቱ ለአንዱ «አዎ» ካለች ጠለቅ ብሎ ማነጋገር ይገባል። ሕፃኑ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጣት፤ በዚያው ቀን ብቻዋን ሳትተው፣ ሰው አብሯት ወደ ሆስፒታል ትሂድ።