ሩት ጊፕስን ለማወቅ ከትንፋሽ መሣሪያዎቿ እንጀምር

ስለ እንግሊዛዊቷ የሙዚቃ ቀማሪ ሩት ጊፕስ የሚጻፈው ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዝቷል። መብዛቱ ደስ ይላል። የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ጽሑፍ «ተረስታ የነበረች ሴት» ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። መረሳቷ እውነት ነው፤ በሴትነቷ የተዘጉባት በሮችም እውነት ናቸው። ሙዚቃዋ ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ግን ሁለቱም አይነግሩንም። እሱን የሚነግረን ከቫዮሊኖቹ ኋላ ኦቦና ኮር አንግሌ የተባሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች ይዛ የተቀመጠችበት ወንበር ነው። ጊፕስ ኦርኬስትራን ያወቀችው ከውስጥ፣ በገዛ ትንፋሿ ነው። ቅማሬዋም መሪነቷም ከዚያ የፈለቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተወለደችው በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በቤክስሂል ነው። እናቷ ከስዊዘርላንድ የመጡ የፒያኖ ባለሙያ ነበሩ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያስተዳድሩ ነበር። ልጅቱ ገና በ8 ዓመቷ የፒያኖ ድርሰት ታተመላት። በ1937 ለንደን ወደሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ሚዩዚክ ስትገባ ፒያኖን ከአርተር አሌክሳንደር፣ ቅማሬን ከጎርደን ጄከብና ኋላም ከታዋቂው እንግሊዛዊ ቀማሪ ከራልፍ ቮን ዊልያምስ፣ ኦቦን ደግሞ ከሊዮን ጉሰንስ ተማረች። ታሪኳን የሚጽፉ ሰዎች በቮን ዊልያምስ ስም ላይ ይረጋሉ። እኔ ግን ጉሰንስ ቢቀድም እመርጣለሁ። የእንግሊዝን የኦቦ ድምፅ የለወጠው እሱ ነው፤ ድምፁን በለስላሳ ንዝረትና በረጅም የዜማ አነፋፈስ እንደ ሰው ጉሮሮ እንዲዘምር አደረገው። ከእንዲህ ዓይነት መምህር ፊት የቆመ ተማሪ፣ የዜማ ርዝመት በሰው ደረት እንደሚለካ ሳይማር አይወጣም።

ኦቦን በቅርበት ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ማብራራት ያስፈልጋል። ክላሪኔትና ሳክስፎን አንድ የሸምበቆ ልሳን አላቸው። የኦቦ ልሳን ግን ፊት ለፊት ተገጥመው በክር የታሰሩ ሁለት ስስ የሸምበቆ ቅርፊቶች ናቸው። ሸምበቆው መሀሉ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን ይሳሳል፤ ከዚያ 47 ሚሊሜትር ገደማ በምትረዝም፣ ቡሽ በለበሰች የብረት ቱቦ ላይ ይታሰርና ጫፉ በቢላ እንደገና ይፋቃል። ይህን ሁሉ ብዙዎቹ ነፊዎች የሚሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። የአየሩ እርጥበትና ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ልሳኑም ይለወጣል፤ ለትናንት ምሽት የተስማማው ለዛሬ ላይስማማ ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ትንፋሽ ነው። የልሳኑ ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ኦቦ ነፊን የሚያስጨንቀው የአየር ማነስ ሳይሆን የአየር መትረፍ ነው። ኦክስጅኑ ያለቀበት አየር ሳንባ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ነፊው አስቀድሞ ያንን ማስወጣት፣ ቀጥሎ አዲሱን ማስገባት አለበት፤ ለሁለቱም ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህን ያልተረዳ ቀማሪ ለኦቦ እንደ ቫዮሊን ማረፊያ የሌለው መስመር ይጽፋል። ነፊው ገጹን ሳያጋምስ ፊቱ ይቀላል፣ ከንፈሩ ይዝላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ኮር አንግሌ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ይህ ትልቁ ኦቦ ከተጻፈለት ኖታ በአምስት የድምፅ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ሁለቱን እያፈራረቀ ይነፋቸዋል። ማቆሚያው ላይ ሲቀዘቅዝ የቆየ ኮር አንግሌ ሲነሣ ቅኝቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ጸሐፊው ከሶሎው በፊት መሣሪያ መለወጫ ብቻ ሳይሆን ማሞቂያ ጊዜም መተው አለበት። ጊፕስ ይህንን ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋትም።

በ1942 «ናይት ኢን አርመር» የተባለውን የኦርኬስትራ ሥራዋን ታላቁ ሄንሪ ዉድ በየዓመቱ ለንደን ውስጥ በሚካሄደው የኮንሰርት ወቅት፣ በፕሮምስ የመዝጊያ ምሽት መራላት፤ 21 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት የክላሪኔት ባለሙያውን ሮበርት ቤከርን አገባች። በ1944 የበርሚንግሃም ከተማ ኦርኬስትራ አባል ሆነች። ከሁሉ የሚገርመኝ ማርች 25 ቀን 1945 ነው። በጆርጅ ዌልደን መሪነት በቀረበ ኮንሰርት በመጀመሪያ የግላዙኖቭን የፒያኖ ኮንቸርቶ በሶሎ ተጫወተች። ቀጥሎ የራሷ የመጀመሪያ ሲምፎኒ ሲቀርብ ከኦርኬስትራው መሀል ገብታ ኮር አንግሌ ነፋች። ይህን እንደ አስገራሚ ወሬ ብቻ ማንበብ ይቀናናል፤ ከሥራው አንጻር ሲታይ ግን ቁም ነገር አለው። ቀማሪዋ በአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጣ አልሰማችም። አጠገቧ ያለው ክላሪኔት የቱ ጋ እንደሚቸገር፣ ሆርኖቹ ከኋላ ሲገቡ የቱ ድምፅ እንደሚዋጥ፣ የእረፍት ባሮቹ (ኖታ የሚከፈልባቸው የምት ክፍሎች) ይበቁ እንደሆነ ያወቀችው እዚያው ቁጭ ብላ እየነፋች ነው። በዚያው ዓመት የጻፈችው ሁለተኛው ሲምፎኒ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ክፍል ከክፍል ሳይቋረጥ በአንድ ትንፋሽ የሚሄድ ሥራ ነው። በ26 ዓመቷ ደግሞ ከዱራም ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ዶክትሬቷን ያዘች።

ከ1948 እስከ 1950 የበርሚንግሃም ከተማ መዘምራንን አሠልጥናለች። በ33 ዓመቷ የደረሰባት ጉዳት መድረክ ላይ ፒያኖ መጫወቷን ሲያስቆመው ኃይሏን ወደ ቅማሬና ወደ መሪነት አዞረች። በዚያ ዘመን ብሪታንያ ሴትን በሙሉ ጊዜ ኦርኬስትራ ፊት በመሪነት ማቆም የማይታሰብ ያህል ነበር። ጊፕስ ቦታ እስኪሰጣት አልጠበቀችም፤ በ1955 የራሷን ኦርኬስትራ መሠረተች። መጀመሪያ የተጠራበት ስም ዓላማውን ይናገራል፦ «የአንድ ልምምድ ኦርኬስትራ»። ኋላ የለንደን ሬፐርቷር ኦርኬስትራ ተባለ፤ እስከ 1986 እሷው መርታዋለች።

ይህ ኦርኬስትራ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው የሙያውን አሠራር ላወቀ ሰው ነው። የብሪታንያ ኦርኬስትራዎች በትንሽ ልምምድ ብዙ በመሥራት ይታወቃሉ። አንድ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ባብዛኛው 3 ሰዓት ነው፤ እረፍቱም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ሶሎውን አሳምሮ ይችል ይሆናል፤ የብራምስን ወይም የሲቤሊየስን ሲምፎኒ የሁለተኛ ባሱን (ዝቅተኛ ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) መስመር ግን አንድ ጊዜም አልነፋው ይሆናል። ሥራ ሲጠራ ያንን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ከነባሮቹ መሀል ተቀምጦ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ጣቱ አይደለም፤ ቆጠራው ነው። 60 ባር ካረፈ በኋላ የመግቢያ ቦታው ይጠፋዋል፤ ኖታው ላይ በትንሹ የተጻፈለትን የሌላ መሣሪያ ምልክት መስማት ገና አልለመደም። መድኃኒቱ ደጋግሞ ማንበብ ብቻ ነው። ኖታውን ሳያዩ መቀመጥ፣ ሳይቆሙ እስከ መጨረሻ መሄድ፣ የጠፋ ሰው በራሱ ተመልሶ እንዲገባ መተው፣ ከዚያ ብቻ ወደ አስቸጋሪው ቦታ መመለስ ነው። እንዲህ ያለው ልምምድ መሪውንም ይፈትናል፤ ንግግር አብዝቶ እጁ የማይነበብ መሪ እዚህ ቦታ የለውም። ከ30 ዓመት በላይ ለወጣት ባለሙያዎች ይህን በር ከፍቶ መያዝ፣ ለእኔ ከማንኛውም ሲምፎኒዋ የማያንስ ሥራ ነው።

በ1961 ሁለተኛውን መሠረተች፤ ሻንቲክሊር የተባለ፣ የባለሙያዎች ኦርኬስትራ። ደንቡ በሕይወት ያለ ቀማሪ ሥራ በእያንዳንዱ ኮንሰርት እንዲካተት ያዝዛል። በ1972 የአርተር ብሊስ የቼሎ ኮንቸርቶ በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚህ ኦርኬስትራ ነው፤ ሶሎውን ይዞ በለንደን የመጀመሪያ መድረኩ ላይ የቀረበው ወጣት ጁልያን ሎይድ ዌበር ነበር። በዓመት አንድ ቀን «ለአዲስ ሙዚቃ» ብሎ መመደብ ቀላል ነው፤ ሕያው ቀማሪን በየኮንሰርቱ ከቤቶቨን ጎን ማስቀመጥ ግን ደፋር አዘጋጅ ይፈልጋል።

በእሷ ላይ የሚነሣውን ትችት መሸሽ አይገባም። የቮን ዊልያምስ ዘግይታ የመጣች ተከታይ ናት ይላሉ። በ1959 ዊልያም ግሎክ የቢቢሲ የሙዚቃ ኃላፊ ከሆነ በኋላ ሚዛኑ ወደ አዲሱ የአውሮፓ ሙዚቃ አዘነበለ፤ እንደ እሷ በነባሩ ስልት የሚጽፉ ብዙዎች ዳር ቀሩ። ጊፕስ አሥራ ሁለቱን ድምፆች በእኩልነት በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚያሰልፈውን የአሥራ ሁለት ድምፅ ስልትን አጥብቃ ትቃወም ነበር፤ ይህን በግልጽ መናገሯም ወዳጅ አላበዛላትም። የተቃውሞዋ ጥብቀት አንዳንድ በሮችን ይበልጥ እንደዘጋባት አምናለሁ። ሆኖም ሦስተኛውን ሲምፎኒዋን በ1969 በቢቢሲ ስርጭት ራሷ መርታለች። ተከታይነትን በተመለከተ መልሱ ያለው ዜማው ላይ ሳይሆን አደላደሉ ላይ ነው፤ የትኛውን ቃና ለየትኛው መሣሪያ እንደሰጠች የሚያዳምጥ ሰው የራሷን ፊርማ ያገኛል። በ1968 ሆርን ለሚነፋው ልጇ የጻፈችው ኮንቸርቶ፣ ለባሏ መሣሪያ ለክላሪኔት የጻፈችውና በ1956 የኮቤት ሽልማትን ያገኘው ሶናታ፣ ለኮንትራባሱንና ለትንሽ ኦርኬስትራ የተጻፈው «ሌዋታን» ምስክር ናቸው። ኮንትራባሱን ከባሱን የሚበልጥ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ቱቦው ከ5 ሜትር ያልፋል፤ ታችኛው ድምፁ 30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ንዝረት) ገደማ ስለሆነ በክር መሣሪያዎቹ ድምፅ ሥር በቀላሉ ይቀበራል። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ሶሎ ለመጻፍ የሚደፍር፣ አጃቢውን የቱ ጋ ዝም ማሰኘት እንዳለበት የሚያውቅ ነው።

ስለዚህ ሥራዋን ማሳወቅ የሚፈልግ ኮሌጅ ወይም ቡድን በ1958 ከጻፈችው «ሲስኬፕ» ቢጀምር ይሻላል። ሙሉ ኦርኬስትራ አይጠይቅም፤ አሥር ነፊ ይበቃል። ሴቶች ብቻ ለነበሩበት የፖርሺያ የትንፋሽ ቡድን የተጻፈ ነው፤ ፍሉት፣ የኦቦ ቤተሰብ፣ ክላሪኔት፣ ባሱንና ሆርን ሁለት ሁለት ሆነው ይቀርቡበታል፤ ኮር አንግሌም አለበት። አጭር ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። እንደ ማዕበል እየገፋ የሚመጣና የሚሸሽ ሙዚቃ የትንፋሽ ቡድንን ደካማ ጎን ያጋልጣል። ድምፁ ሲቀንስ የፍሉት ቅኝት ይወርዳል፣ የክላሪኔት ግን ይወጣል፤ ኅብረ ድምፁ በጸጥታው ሰዓት ይሰነጠቃል። መፍትሔው ያንን ቦታ ነጥሎ በዝግታ መሥራት ነው። ባሱኖቹ መሠረቱን ይይዛሉ፤ ክላሪኔቶች ይጨመራሉ፤ ኦቦ ቅኝቱን እንደ ልብ ማጠፍ ስለማይችል ሌሎቹ ወደ እሱ ይሰበሰባሉ፤ ፍሉቶች በመጨረሻ ትንፋሻቸውን ከፍ አድርገው ይገባሉ። የሆርን አፍ ወደ ኋላ ስለሚያይ ከበስተኋላቸው ባዶ ግድግዳ ካለ የፍሉትን የታችኛውን ድምፅ ይውጡታል፤ መጋረጃ ማድረግ ወይም ቦታቸውን መለወጥ ግድ ይላል። ለ1 ሰዓት ተኩል የሚቆዩ ሁለት ልምምዶች ቢያዙ፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ ያለ ሆርን ማድረግ ያዋጣል። ኮር አንግሌ ነፊውም እረፍት ላይ ሳለ ቱቦው ውስጥ ሳያሰማ ሞቅ ያለ አየር መንፋቱን አይርሳ።

ለትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ሰበብ የሚሆን ነገር አልቀረም። መሪው ሩሞን ጋምባ ከቢቢሲ ኦርኬስትራዎች ጋር ሲምፎኒዎቿን ቻንዶስ ለተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት እየቀዳ አውጥቷል። በ2021፣ በተወለደች በመቶ ዓመቷ፣ የቀድሞ ኦርኬስትራዋ የበርሚንግሃም ከተማ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሁለተኛውን ሲምፎኒ በፕሮምስ ከብራምስ ሦስተኛ ጋር በአንድ ምሽት አቅርቦታል። አዘጋጆች ግን አሁንም 10 ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን «ናይት ኢን አርመር» ለመክፈቻ ያነሡና ግዴታቸውን እንደ ተወጡ ይቆጥራሉ። 21 ዓመት ሳይሞላት በ1940 የጻፈችው ሥራ ነው። በ1972 የጻፈችውና ለአርተር ብሊስ ያበረከተችው አራተኛው ሲምፎኒ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ የኮንሰርትን ሁለተኛ አጋማሽ ብቻውን ይሞላል። በተራ የወቅት ፕሮግራም ውስጥ፣ ያለ መታሰቢያ በዓል፣ ዋናው ሥራ ሆኖ ይቅረብ።