አልቆም ያለ መኪና እንዴት እንደሚቆም ማን ያስተምረን?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2009፣ ከሳንዲያጎ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሳንቲ፣ አራት ሰዎች የተሳፈሩባት ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነዳጅ መስጫዋ ተይዞ አልለቅ አለ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ለፖሊስ ደውሎ ፍሬኑ እምቢ ማለቱን እየተናገረ ሳለ፣ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር የነበረችው መኪና ሌላ መኪና ገጭታ ከመንገዱ ወጣችና በእሳት ተያያዘች። አራቱም ሞቱ። መሪውን የያዘው ሰው ጀማሪ አልነበረም፤ በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ውስጥ ለ19 ዓመት ያገለገለ መኮንን ነበር። የእሱ መኪና ጥገና ገብታ ስለነበር ሌክሰሷን ሻጩ ድርጅት ነበር በተውሶ የሰጠው።

ምክንያቱ የተገኘው ወለሉ ላይ ነው። ድርጅቱ ያነጠፈው ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ነበር። ልኩ አልገጠመም፤ በመያዣውም አልታሰረም። ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ሲረገጥ ምንጣፉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ከአደጋው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ያችኑ መኪና የተዋሰ ሌላ ደንበኛ ይኸው ነገር ገጥሞት ነበር። እሱ ፍሬኑን በኃይል እየረገጠ ወደ ዳር አወጣትና ማርሹን ዜሮ አደረገ። ሞተሩ በባዶ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ቆመች። ሲመልሳት የሆነውን ለእንግዳ ተቀባይዋ ነገራት። መኪናዋ ከነምንጣፏ ለቀጣዩ ተዋሽ ተሰጠች።

በአንድ መኪናና በአንድ ምንጣፍ አንዱ ሰው ቤቱ ገባ፤ ሌላው ከነቤተሰቡ አለቀ። ይህን የማነሳው ሟቹን ለመውቀስ አይደለም። ሌክሰሷ ፑሽ ስታርት፣ ማለትም በቁልፍ ሳይሆን በአዝራር የምትነሳ ነበረች። ቆማ ሳለ ሞተሯን ለማጥፋት ማስነሻውን አንዴ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ እየሄደች ከሆነ ግን ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። መኪና የተዋሰ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? የደነገጠ ሰው ደጋግሞ ይጫናል እንጂ ጣቱን አሳርፎ ሦስት አይቆጥርም። በ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 3 ሰከንድ ማለት ከ130 ሜትር በላይ መንገድ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2011፣ ይህ ጊዜ በሁሉም መኪና ግማሽ ሰከንድ ይሁን የሚል ረቂቅ ደንብ አቀረበ። ረቂቁ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰው ሞቶበት የታወቀ ነገር ደንብ ለመሆን ይህን ያህል ጊዜ መፍጀቱን አሁንም ልቀበለው አልችልም።

ከሳንቲ በኋላ አገሩ ሁሉ የተከራከረው በምክንያቱ ላይ ነበር። በድሮ መኪና ነዳጅ መስጫው ከሞተሩ ጋር በገመድ የተያያዘ ነው። በአሁኖቹ ውስጥ ፔዳሉ ላይ ያለ ሴንሰር ለኮምፒውተር መልእክት ይሰጣል፤ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ኮምፒውተሩ ቢሳሳትስ?" የሚል ሆነ። የሌክሰስ አምራች የሆነው ቶዮታ በምንጣፍና በሚጣበቅ ፔዳል ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለእርማት መልሶ ጠራ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በፌብሩዋሪ 2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። ናሳ ለአሥር ወር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት አደገኛ ፍጥነት የሚያመጣ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘም፤ አለማግኘቱ ግን ሊኖር አይችልም ማለት እንዳልሆነ አብሮ ጽፏል። በ2013 የኦክላሆማ ዳኞች የአንዲት ካምሪን ሶፍትዌር የመረመረ ባለሙያ ያቀረበውን ምስክርነት ከሰሙ በኋላ በቶዮታ ላይ የ3 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ችግሩን ከሕዝብ በመደበቁ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማማ።

የሌላው ወገን ክርክርም ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አውዲ 5000 የተባለችው መኪና በራሷ ትፈተለካለች ተብላ ስትከሰስ፣ በ1989 የወጣው የመንግሥት ጥናት አብዛኞቹ አሽከርካሪዎች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መስጫውን እንደረገጡ ደምድሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ ውስጥ፣ የ87 ዓመት አዛውንት ያሽከረክሯት የነበረች ፕሪየስ አንዲት እናትን ከ3 ዓመት ልጇ ጋር ገደለች። አዛውንቱ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ብለው ቢከራከሩም ፍርድ ቤቱ ፔዳል መሳታቸውን አረጋግጦ 5 ዓመት ፈረደባቸው።

እንግዲህ ምንጣፍም ይሁን ሶፍትዌር ወይም የራስ እግር፣ መሪ ለያዘው ሰው በዚያች ደቂቃ ልዩነት የለውም። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ፍሬን መስሎት ነዳጅ የሚረግጥ ሰው እንኳ ማርሹን ዜሮ ካደረገ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይገፋም። ምርመራው ዓመታት ይፍጅ፤ ይህች እንቅስቃሴ ግን ለሁሉም ምክንያት ትሠራለች። ከዲ (ከመንጃው) ወደ ኤን (ወደ ዜሮው) ለመግፋት በአብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች የማርሹን አዝራር መጫን እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ ይፈነዳል ብሎ መፍራትም አይገባም፤ የዘመኑ ሞተር ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር ኮምፒውተሩ ይገታዋል። ቢበላሽስ? ሞተር ይገዛል።

ፍሬኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የቤንዚን መኪና ፍሬን ቀላል የሚሆነው ሞተሩ አየር እየሳበ በሚፈጥረው ኃይል የእግራችንን ጉልበት የሚያበዛ መሣሪያ ስላለው ነው። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲቀር ይህ ኃይል መፈጠሩን ያቆማል፤ የተጠራቀመው ብቻ ይቀራል። ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ ባደረግን ቁጥር ያን ቀሪ እናሟጥጠዋለን። የአሜሪካው የትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ከሳንቲ ሁለት ዓመት በፊት ያንኑ የሌክሰስ ሞዴል ሲፈትሽ፣ በደህና ጊዜ 14 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት የሚበቃው ፍሬን ያ ኃይል ሲያልቅ ከ68 ኪሎ ግራም በላይ ጠየቀ። መኪናው ለመቆም የሚፈጅበት ርቀትም ከ60 ሜትር በታች የነበረው ከ300 ሜትር በላይ ሆነ። ስለዚህ ፍሬን አንድ ጊዜ፣ ባለ በሌለ ጉልበት፣ ሳይለቁ ነው የሚረገጠው። ዛሬ አብዛኞቹ አምራቾች ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሲረገጡ ነዳጁን የሚቆርጥ ሥርዓት ያስገባሉ። በየመንገዳችን ያሉት የቆዩ ኮሮላዎችና ቪትዞች ሁሉ ግን ይህ አላቸው ብሎ መተማመን አይቻልም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ልማድ አለ። የምናውቀው አደጋ "ፍሬን በጠሰ" የሚባለው ነው፤ የዓባይን በረሃ የሚወርድ ጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ሲል። ለዚያ የሚሰጠው ምክር ትክክል ነው፦ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አትንካ፣ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ይያዝህ። ይህ ምክር ለብዙ አሽከርካሪ ሃይማኖት ሆኗል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ የሚወርዱትን ስለሚከለክል ሊጠበቅም ይገባዋል። ነገር ግን ሞተሩ ራሱ አልለቅም ብሎ የሚገፋ መኪና የዚያ ተቃራኒ ነው። እዚያ የሚያድነው ሞተር እዚህ ገዳይ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያልተማረ ሰው በጭንቅ ሰዓት እጁን ከማርሹ ያሸሻል።

ሞተር ማጥፋት ሁለተኛ አማራጭ ነው። ባለ ቁልፍ መኪና ላይ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መመለስ ይገባል፤ እስከ መጨረሻው ዞሮ ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል። ፑሽ ስታርት ከሆነ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ደጋግሞ መጫንን የሚቀበሉም አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ግን ይዞራል።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ስክሪናቸውም መመሪያቸውም በቻይንኛ የሆነ ጥቂት አይደሉም። ማርሻቸው አንዳንዱ ላይ የሚሽከረከር እንቡጥ፣ አንዳንዱ ላይ ከመሪው ሥር ያለች ዘንግ ነው። ዜሮ ለማድረግ ለአፍታ ይዞ መቆየት የሚጠይቁ አሉ፤ በዋሽንግተን ታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ከፕሪየስ ያውቁታል። በብዙዎቹ ላይ የእጅ ፍሬኗን አዝራር ስቦ መያዝ መኪናውን ቀስ በቀስ ያቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግላስጎው ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ኤምጂ አሽከርካሪ መኪናዬ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደች አልቆም አለችኝ ብሎ ለፖሊስ ደውሎ ነበር። በመጨረሻ የፖሊስ ቫን ከፊት ገብቶ ነው ያስቆማት። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥሪ ቢመጣ ማን ምን ብሎ ይመክረዋል?

ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ማንኛውም አስመጪ መኪና ሲያስረክብ አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት እንዲሰጥ ማስገደድ ይችላል፦ ይህ መኪና እየሄደ ዜሮ የሚሆነው እንዲህ ነው፣ የሚጠፋው እንዲህ ነው። በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎችም ቢሆን ብዙ ወጪ የለውም። ማሠልጠኛዎች ተማሪውን ሜዳ ላይ ይህን በእጁ ሳያስደርጉ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ማቅረብ የለባቸውም። የቦሎ ምርመራም ከመብራትና ከጎማ ጋር ምንጣፉን ይይ። ከሶማሌ ተራ "ለሁሉም ይሆናል" ተብሎ የተገዛ ላስቲክ በፋብሪካው ምንጣፍ ላይ ተደርቦ፣ ወይም ላቫጆ ታጥቦ ሳይታሰር ተወርውሮ ስንቱ መኪና ውስጥ እንዳለ ማንም ጎንበስ ብሎ ማየት ይችላል። ሳንቲ ላይ አራት ሰው የፈጀው እንዲህ ያለው ነው።

መኪና የሚያከራዩና የሚያውሱም ቁልፍ ሲሰጡ ይህን ሊያሳዩ ይገባል፤ አደጋው መኪናውን ከለመደው ባለቤት ይልቅ በተዋሰው ላይ ይብሳልና። ትእዛዙ እስኪወጣ ማንም ባለመኪና ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ማርሹን ወደ ዜሮ አውጥቶ በፍሬን መቆምን መሞከር ይችላል። መኪናውን አይጎዳም፤ ከአምስት ደቂቃ በላይም አይወስድም።