የእንግሊዝኛ ቃላት ሽምደዳ ይብቃን

እንግሊዝኛ ልልመድ ብሎ የተነሳ የሰሜን ሸዋ ወጣት መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ደብተሩን ለሁለት ያሰምርና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን ይደረድራል። ይህ የሰለቸው ቴሌግራም ላይ «የዛሬ 10 ቃላት» የሚል ቻናል ይከታተላል፤ ባጭር ጊዜ አናግራለሁ የሚል ቀጭን መጽሐፍ ከአዟሪ የሚገዛም አለ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮማ መማሪያ ቋንቋው ራሱ ነው። እንዲያም ሆኖ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥሮ የውጭ አገር አለቃው ፊት ሲቆም «ማሽኑ ቆሟል፤ ከዚያ በፊት የማላውቀው ድምፅ ያሰማ ነበር» ማለት ያቅተዋል። «ማሽን»ን፣ «ስቶፕ»ን፣ «ኖይዝ»ን ለየብቻ ጠይቁት፤ አንዱንም አይስትም። ተያይዘው አይወጡለትም እንጂ።

የቃል እጥረት ነው የሚለውን አልቀበልም። ማይክል ዌስት የተባለው መምህር በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታዋቂ ዝርዝር የያዘው 2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላትን ነው፤ እነሱ ብቻ ግን በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያጋጥመን አሥር ቃል ስምንቱን ያህል ይሸፍናሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹን ተማሪው በክፍል ውስጥ አይቷቸዋል። ቃልን ከነፍቺው ብቻ የያዘ ሰው ለመናገር ሲሞክር በአማርኛ ያስብና አንድ በአንድ ይቀይራል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጉንፋን እኛን ይይዘናል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ጉንፋን «አለው»፦ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ይላል። እኛ ስለ ጉዳዩ እንወያያለን፤ እነሱ «ዲስካስ» ካሉ በኋላ «አባውት» አያስከትሉም። እኛ ከሰው ጋር እንጋባለን፤ እነሱ «ሜሪድ ቱ» እንጂ «ሜሪድ ዊዝ» አይሉም። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮን «ሬድ ፎክስ» ብሎ የሚያስጎበኝ ልጅ ደግሞ ሌላ አውሬ ነው የሚያስተዋውቀው። ሬድ ፎክስን አውሮፓዊው አገሩ ሳለ ያውቀዋል፤ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው «ኢትዮጵያን ዉልፍ» ሊያይ ነው።

የአክብሮቱ ነገር ከዚህ ሁሉ ይብሳል። «ውሃ ይስጡኝ» ስንል አንቱታው ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ለሽማግሌውም ለልጁም «ዩ» ነው፤ ግሱም አይለወጥም። ስለዚህ «ጊቭ ሚ ወተር» ያለ ልጅ በልቡ አንቱ እያለ በሰሚው ጆሮ ያዘዘ ይመስላል። እነሱ አክብሮቱን የሚያኖሩት በጥያቄው አወጣጥ ላይ ነው፦ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ወተር፣ ፕሊዝ?»። ያልሰሙትን ለማስደገም ባዶ «ዋት?» ቁጣ ይመስላል፤ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ይሻላል። የቀረበን ነገር ላለመቀበል «ኖ» ብቻ አይበቃም፤ «ኖ፣ ቴንክስ፣ አይም ፋይን» ማለት ነው። ማታ እንግዳ ሲቀበሉ ደግሞ «ጉድ ናይት» አይባልም፤ እሱ ደህና እደሩ ነው፣ መሰናበቻ። መቀበያው «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው። እንዲህ ያሉት ሐረጎች ሰዋስው ተተንትኖላቸው ሳይሆን እንዳሉ ተውጠው የሚያዙ ናቸው።

እንዴት ይያዙ ለሚለው ወረቀትና የጫማ ካርቶን ይበቃል። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፎ መቅደድ 8 ካርድ ይሰጣል። በፊት ለፊቱ አማርኛ ይጻፋል፤ ግን ቃል ሳይሆን ሁኔታ፦ «አለቃዬ ያለው አልገባኝም፤ በትሕትና እንዲደግም ልጠይቀው»። በጀርባው ሙሉው የእንግሊዝኛ ሐረግ። ካርዱን ከመገልበጥ በፊት መልሱን ድምፅ አውጥቶ መናገር ግዴታ ነው፤ በዓይን አይቶ «አውቀዋለሁ» ማለት ራስን መሸንገል ነው። ካርቶኑ በአራት ይከፈላል። አዲስ ካርድ በማግሥቱ ይታያል፤ በትክክል ከተመለሰ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከ7፣ ከዚያ ከ21 ቀን በኋላ ይመጣል። የተሳተ ካርድ የትም ይድረስ የት ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሳል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አስተዋውቆታል።

ብዙዎቹን የሚጥለው ስስት ነው። በቀን 6 አዲስ ሐረግ የሚጨምር ሰው፣ እያንዳንዱ አራት ጊዜ ስለሚመለስ፣ ውሎ አድሮ በቀን 24 የቆየና 6 አዲስ፣ በድምሩ 30 ካርድ ያያል። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢሰጥ 15 ደቂቃ ነው። በወኔ ተነስቶ በቀን 30 የሚጨምር ግን 150 ካርድ ይጠብቀዋል፤ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ወር ሳይሞላ ካርቶኑ አልጋ ሥር ይገባል። ሌላው ስህተት ተቃራኒዎችን በአንድ ቀን ማጥናት ነው። «ቦሮው» እና «ሌንድ» አብረው ከገቡ የትኛው መዋስ፣ የትኛው ማዋስ እንደሆነ ለዓመታት ይምታታሉ። አንዱ 21 ቀኑን ይጨርስ፣ ሌላው ከዚያ ይግባ።

አጠራሩን በፊደላችን መጻፍስ? እዚህ እንዳደረግሁት ለዓይን ያገለግላል፤ ለአፍ ግን አይታመንም። ለመርከቡም ለበጉም የምንጽፈው «ሺፕ» ነው፤ እንግሊዝኛው ግን የበጉን አናባቢ ያስረዝመዋል፣ የመርከቡን አጭርና ላላ ያደርገዋል። የመንዝ በግ በሚወደድበት አገር ይህን ማምታታት ያስቅ ይሆናል። ስለዚህ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ይጻፍ፣ ድምፁ ከጎግል ትራንስሌት የድምጽ ማጉያ ምልክት ይደመጥ። ሦስት ጊዜ ተከትሎ ማለት፣ ከዚያ የራስን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ማወዳደር። «ስትሪት»ን «እስትሪት» የምንል ብዙዎች ስለሆንን ቅጂው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ያ «እ» ነው።

ከካርዶቹ ሁሉ ቀድሞ መጻፍ ያለበት የሰዓት ካርድ ይመስለኛል። እንግዳው «ቱሞሮው አት ኤይት» ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። አስጎብኚው 8 ሰዓት ብሎ ከያዘው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ የሚታዩት ደግሞ በጠዋት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የእኛ ሰዓት 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 መደመር፣ ከ6 በላይ ከሆነ 6 መቀነስ። ቀኑ ግን ያደናግራል። የእነሱ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል፣ የእኛ ሲነጋ። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ «ፍራይዴይ 2 ኤኤም» ካለ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ሐሙስን ቀን በቀን ተነስቶ መሄድ ነው።