«በሩ ላይ ሞልቷል» ያላችሁት ሰው የታለ?

አይ፣ ዛሬስ አልችልም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያቺ የብየዳ ቤታችን ማስታወቂያ እንደገና ወጣች። «ልምድ ያለው በያጅ በአስቸኳይ እንፈልጋለን።» በአስቸኳይ የምትለዋ በቀይ። ከሥሯ፦ ዕድሜ ከ25 ያልበለጠ፣ የ10 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ጫና ተቋቁሞ መሥራት የሚችል፣ ደመወዝ በስምምነት። 25 ዓመት ሆኖት 10 ዓመት ልምድ ያለው ማለት እኮ በ15 ዓመቱ የብየዳ ጭንብል ያጠለቀ ልጅ ነው! «በስምምነት» ደግሞ ትርጉሙ «መጀመሪያ አንተ ጥራ፣ ከዚያ እኛ እንሳቅ» ነው።

ከዚያ ያው ስብሰባ። «ሰው ጠፋ! የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም!»

ጠፋ? ያ ልጅ ጠፋ ነው የሚባለው? ላላያችሁ ልድገመው፣ እየሳቅኩም እየበገንኩም።

ልጁ አለቃችን ጋሼ ፊት ቆሟል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ የሙከራ ጊዜዬ ካለቀ አራት ወር ሆነው። ሲያልቅ ይስተካከላል የተባለው ደመወዝ…»

«እና?»

«አልተስተካከለም።»

«ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቀው?»

«ይሄ ሦስተኛዬ ነው።»

«ሦስቴ ጠይቀህ መልስ ካጣህ አይገባህም? ስማ፣ አንተን የመሰለ በሩ ላይ ሞልቷል። ካልተመቸህ ክፍት ነው።»

ልጁ ዞር ብሎ በሩን አየው። እውነትም ክፍት ነው። ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ፊታቸው በራ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብለው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ልጁ ጓንቱን አነሳ። በራሱ ገንዘብ የገዛው ነዋ! በሩ ላይ የነበረው ጥበቃው ብቻ ነው። እሱም ሊለቅ ነው።

አሁን እንግዲህ ያ ልጅ ምን ይዞ እንደሄደ ልንገራችሁ። ሦስተኛዋ ማሽን ቁጥሯ 110 አምፔር እያለ የምትሰጠው 90 ገደማ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ረጅሙ ፍሬም ላይ መጀመሪያ የትኛው ጥግ ነጠብ ነጠብ ተደርጎ እንደሚያዝ፣ ከዚያ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በወዲያ፣ እያፈራረቁ አጭር አጭር እየበየዱ ካልሄዱ ሙቀቱ ብረቱን ወደ አንድ ወገን እንደሚስበው የሚያውቀው እሱ ነው። አዲሱ ሰው ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይበይደዋል። ፍሬሙ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ከዚያ በግራይንደር መቁረጥ፣ ማቃናት፣ እንደገና መበየድ። የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን። ይሄ ወጪ የትኛው መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው? የትም! የልጁ ጭማሪ ግን መዝገብ ላይ ስለሚታይ «አቅም የለንም» ይባላል።

አዲሱ ሰው የሚመረጥበት ወግ ደግሞ አለላችሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» በያጅ እኮ ነው! የት እንዲያይ ነው የፈለጋችሁት? ስጡት ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ። ጠርዛቸውን 30፣ 30 ዲግሪ አጋድሎ ይሙረደው፣ መሃል ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ክፍተት ይተው፣ በ3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ከታች ወደ ላይ እየወጣ ይበይደው። ጠፍጣፋ አስተኝቶማ ማንም ያስመስላል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ላይ ነው የሚጋለጠው። ሲበርድ ከመሃሉ ሁለት ቁራጭ አውጥታችሁ አንዱን በፊቱ፣ አንዱን በጀርባው እጠፉት። ከ3 ሚሊ የበለጠ ስንጥቅ ከከፈተ ሰላም ብላችሁ ሸኙት። ግን ከሁሉም በፊት እጁን እዩ። የመሬት ኬብሉ መቆንጠጫ ብረቱን የሚነክስበትን ቦታ ጠረገው? ኬብሉን ተመለከተ? አምፔሩን ቁርጥራጭ ላይ ሞከረ? ኤሌክትሮዱ ደረቅ መሆኑን ጠየቀ? ይሄን የሚያደርግ ሰው ወረቀት ባይኖረውም ቅጠሩት። ሁሉ ነገሩ ግማሽ ቀን ነው። «ግማሽ ቀን የለንም» ይላሉ። የተበላሸ ለመፈልፈል ግን ሦስት ሳምንት አለን!

ኤሌክትሮድ ካነሳሁ አይቀር፣ 7018 የሚባለው ዝቅተኛ ሃይድሮጂን ኤሌክትሮድ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 120 ዲግሪ ሙቀት ያለው ማድረቂያ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ውጭ አራት ሰዓት ከቆየ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበቱ ሃይድሮጂን ሆኖ ብየዳው ውስጥ ይገባል፤ ዛሬ አምሮ ያደረው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይሰነጠቃል። ለአዲሱ ሰው ይሄን ማን ነገረው? ማንም። ማድረቂያው ውስጥ የማን ምሳ እየሞቀ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ስም አልጠራም። ሲሰነጠቅ ግን «ባለሙያ ጠፋ» ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ደግሞ ብቻውን ድርሳን ይወጣዋል። ሰውየው መጣ፣ ጭንብል የለም። «ለጊዜው በዚህ ተጠቀም» ተብሎ የጋዝ መቁረጫ መነጽር ተሰጠው። ያ የመስታወቱ ጥቁረት ቁጥር 5 ነው፤ ለኤሌክትሪክ ብየዳ 10 ወይም 11 ያስፈልጋል፤ ፊትንም አይሸፍንም። ሥራ ላይ እያለ ምንም አይሰማውም። ሌሊት ግን ዓይኑ አሸዋ እንደተሞጀረበት ይሆናል፣ እንባው ይወርዳል፣ መብራት ማየት አይችልም። በማግስቱ አልመጣም። መዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? «ያለ ፈቃድ ቀርቷል።»

ለነገሩ ሠራተኛውም ጻድቅ አይደለም። ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ስልኩን ዘግቶ የሚሰወር አለ። የሰባት ዓመት የልምድ ወረቀት፣ ማኅተሙ ካሁን ካሁን ይለቃል የሚያሰኝ፣ ይዞ መጥቶ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ እያጣበቀ የሚታገል አለ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ «ልለቅ ነው» ማለት ምን ያስከፍላል? ጓደኞችህ ናቸው እኮ ያንተን ሥራ የሚሸከሙት! ስድስት ሰው የሚሠራውን አራት ሰው ሲሠራ፣ ትርፍ ሰዓት በትርፍ ሰዓት ላይ ሲደረብ፣ የደከመ እጅ ግራይንደሩን ያለ መከለያ ያነሳዋል። ከዚያ አራቱ ሦስት ይሆናሉ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው አንጀቴን ያሳረረኝ። ሰው ጠፋ ተብሎ አዲሱ ከነባሮቹ 30 በመቶ በልጦ ተቀጠረ። ይሄ ምስጢር ይመስላቸዋል። የደመወዝ ወሬ እኮ ከብየዳ ብልጭታ ይፈጥናል፣ ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ያውቃል። አዲሱን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ነባሩ፣ የበለጠ የሚከፈለው አዲሱ! ሁለት ነባሮች በአንድ ሳምንት ወጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ዋናው ባለሙያ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሲያስገባማ ጭማሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተፈቀደ። ለሁለት ዓመት «በጀት የለም» የተባለው ጭማሪ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሱም «ለሁለት ዓመት አታለላችሁኝ ማለት ነዋ» ብሎ ወጣ።

«የዘንድሮ ሠራተኛ» የምትለዋን ነገር ግን ተዉአት፣ አርጅታለች። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1349 የጥቁር ሞት ወረርሽኝ ሕዝቡን ፈጅቶት ሠራተኛ ሲያጡ ንጉሡ ምን አደረገ? ማንም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ደመወዝ በላይ እንዳይጠይቅ ደነገገ። አልሠራም፤ ሰው እየተደበቀ ወደሚከፍለው ሄደ። መኪና ሠሪው ፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ 14 ሺህ የሚጠጋ የሥራ ቦታ ለመሙላት በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀጥሯል። አስቡት! ሰው ጠፍቶበት አይደለም፣ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው እየወጣበት ነው። በ1914 የቀን ክፍያውን 5 ዶላር፣ የሥራ ሰዓቱን ከ9 ወደ 8 አደረገ፤ በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ፣ የሚለቀውም ቀነሰ። (ያንን ክፍያ ለማግኘት ቤትህ ድረስ ተቆጣጣሪ መጥቶ አኗኗርህን ያይ ነበር፤ እሱም ሌላ ጣጣ ነው።) «በሩ ላይ ሞልቷል» ማለት ያምርባችኋል፣ መጀመሪያ የሚያሰልፍ ነገር ካላችሁ።

የሚጠየቀው እኮ ሰማይ አይደለም! ደመወዝ በቀኑ። የቅዳሜ ሥራ ዓርብ ማታ ሳይሆን ቀደም ብሎ ይነገር። ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ መቼ ነጥብ መያዝ፣ መቼ ጠፍጣፋ፣ መቼ ቀጥ ያለ፣ መቼ ከራስ በላይ እንደሚበይድ፣ በየደረጃው ስንት እንደሚጨመርለት በወረቀት ይለጠፍ። አሁን ረዳቱ ሦስት ዓመት ስላግ (ብየዳው ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት) ሲያራግፍ ይኖራል፣ ከዚያ «የሠለጠነ ሰው የለም» ይባላል። ማን ያሠልጥንላችሁ?

ለማን ነው የማወራው ግን። ሰምቶ የሚያውቅ የለ።

ጭራሽ ዛሬ «ለዚያ ልጅ ደውሉለት» ተባለ። ተደወለለት። በሦስተኛው አነሳ። ትንሽ ዝም አለና፦

«በሩ ላይ ያሉት አለቁ እንዴ?»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ጋሼ ሰሙ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፣ ሁሉም የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

ነገ ሁለት አዲስ ሰው ለሙከራ ይመጣል ተብሏል። ጭንብሉ አንድ ነው።