የዘበኛው ልጅና የቴኒሱ ሜዳ

ባለፈው ሐምሌ በዋሽንግተን ዲሲ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ የቴኒስ ውድድር ገብቼ አየሁ። በዚህ አካባቢ ስኖር ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ውድድሩ በየዓመቱ የሚደረግበት የሮክ ክሪክ መናፈሻም ብዙ አበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ቴኒስ የእኔ ቢጤ ሰው የሚታደምበት ጨዋታ መስሎ ስላልታየኝ አንድም ቀን ትኬት ለመቁረጥ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ የገባኝ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው፤ የመጣው ከደሴ ነው።

በልጅነቴ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ግቢ የቴኒስ ሜዳ ነበር። ኃላፊዎችና እንግዶቻቸው ከሥራ በኋላ ይጫወቱበታል፤ እኛ የሰፈር ልጆች በሽቦው አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናያለን። ሆጤ ሜዳ የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲኖር ያገር ሰው ወርዶ፣ ጮኾና ጨፍሮ፣ ድምፁ ተዘግቶ ወደየቤቱ ይመለሳል፤ ያ የሁላችንም ነበር። የቴኒሱ ሜዳ ግን ከቤታችን አምስት ደቂቃ የማያስኬድ ቢሆንም የሌላ ሰው አገር ነበር። ከሁላችን በላይ የሚያሳዝነኝ የግቢው ዘበኛ ልጅ ነው። ማለዳ ሜዳውን ይጠርጋል፣ ውኃ ያርከፈክፋል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። ሲመሽ ከጣውላ በጠረበው መምቻ፣ ፀጉሯ ያለቀ አሮጌ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያጋጨ ሲመልስ ኳሷ ከእጁ አታመልጥም። ራሱ ባሰመረው መስመር ውስጥ ቆሞ እንዲጫወት የፈቀደለት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ዲሲ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የገረመኝ ጸጥታው ነበር። ተጫዋቹ ኳሷን ወደ ላይ ሲያነሣ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የጁምዓ ኹጥባ እንደሚያዳምጥ ሰው ጭጭ ይላል፤ ዘግይቶ የመጣም ተጫዋቾቹ ሜዳ እስኪቀያየሩ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ዓይኔ ኳስ አቀባዮቹ ላይ አረፈ። ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ መረቡ ሥር በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ኳስ ሲቆም ተወርውራ ታነሣና በመሬት አንከባልላ ለጓደኛዋ ታደርሳለች። ተጫዋቾቹ ሲያርፉ ጥላ ይዛ ከአጠገባቸው ትቆማለች። መለያ ለብሳለች፣ ጫማ አድርጋለች፣ ሲደክማት የሚተካት አለ። ያቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የዘበኛው ልጅ ነበር።

የዚህ ውድድር ታሪክም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተሳሰረ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር፣ ከአንድ ዓመት በፊት የአሜሪካ ኦፕን የተባለውን ታላቅ የቴኒስ ውድድር ያሸነፈው ጥቁሩ ተጫዋች አርተር አሽ፣ ጥቁሮችም ነጮችም በሚኖሩበት ሰፈር ይሁን፣ ያን ጊዜ እሳተፋለሁ ብሎ ነበር። አሽ ያደገው ጥቁሮች ወደ ነጮች የቴኒስ ሜዳ በማይገቡባት በሪችመንድ ቨርጂኒያ ሲሆን፣ አባቱ ለጥቁሮች የተለየ መናፈሻ ጠባቂ ስለነበሩ ከሜዳው አጠገብ ለመኖር በቃ፤ እ.ኤ.አ. በ1975ም የእንግሊዙን ታላቅ ውድድር ዊምብልደንን አሸነፈ። በእኛ ዘመን ደግሞ ከሴራሊዮን የመጡ ስደተኞች ልጅ የሆነው ፍራንሲስ ቲያፎ አለ። አባቱ በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ የቴኒስ ማሠልጠኛ ሲሠራ በቀን ሠራተኝነት ገቡ፤ ኋላም የግቢው ጽዳትና ጥበቃ ኃላፊ ሆነው ልጆቻቸውን እዚያው በተሰጣቸው አንዲት ክፍል ያሳድጉ ነበር። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 የአሜሪካ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

አሜሪካን ገነት አድርጌ ለመሳል አይደለም። ትኬቱ ውድ ነው፣ የመጠጥ ውኃው ሳይቀር ኪስ ይጎዳል፤ ለአሽ አባት ሜዳውን ያስጠበቃቸውም ራሱ የዘር ክፍፍሉ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እዚያ የሜዳ ጠባቂ ልጅ ራኬት ሲይዝ የሚያይ ዓይንና የሚከፈት በር ተገኘ፣ እኛ ዘንድ ግን አጥሩን የሚያልፈው ኳሷ ብቻ ነበረች። አንድ የቴኒስ ሜዳ 23.77 ሜትር በ10.97 ሜትር ነው፤ ዙሪያው ተጨምሮበት እንኳ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ አይበልጥም።

ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ያን ግቢ ሄጄ አየሁት። ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ በዘይት ከጠቆረው መሬት ዳር ከነጩ መስመር አንድ ክንድ የምታህል ቀርታለች። የዘበኛውን ልጅ ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። የጣውላውን መምቻ ሳነሣበት ሣቀና፣ «አብሽር ወንድሜ፣ አሁን ልጄ በእሷ ቢጤ ይጫወታል» አለኝ። ወደ ቤቱ ወሰደኝ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጁ ከግንቡ ፊት ቆሞ ነበር፤ ልስኑ በአንድ ቦታ ብቻ ተላልጦ ቀዩ ጡብ ይታያል። ከተመለስሁ በኋላ ሁለት ራኬትና ደርዘን ኳስ በሰው ላክሁለት። ደርሶታል፤ አሁንም የሚጫወተው ከዚያው ግንብ ጋር ነው።